ኦኦ ደካማ አልነበረችም፤ የማር እንጉዳይም አንድ አይደለም

ሰሞኑን ለንባብ የበቃ አንድ ጽሑፍ፣ ካዋኢ በተባለችው የሀዋይ ደሴት ብቻ ትኖር የነበረችውንና ዛሬ ከምድር ገጽ የጠፋችውን ኦኦ የተሰኘች ዘማሪ ወፍ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ደኖች እንደ ልብ ከሚገኘው የማር እንጉዳይ ጋር ያወዳድራል። ጸሐፊው የደረሱበት ፍርድ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ወፏ ውብ ብትሆንም ደካማ ስለነበረች ጠፋች፤ እንጉዳዩ መልኩ ባያምርም ብርቱ ስለሆነ ደኑን ሁሉ ሞላ፤ ይህም የተፈጥሮ ሕግ ነውና የሚያስቆጭ ነገር የለውም። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ በመሆኑ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ሳልከራከር እስከ መጨረሻው ተከትዬዋለሁ። ደግሜ ሳነበው ግን ንጽጽሩ የቆመባቸው ምሰሶዎች አንድ በአንድ ሲነቃነቁ ስላየሁ ይህን ምላሽ ለመጻፍ ተነሣሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በቀላሉ ከሚታረመው ልጀምር። ጽሑፉ እንጉዳዩን ሁለት ጊዜ «ድምፅ አልባ ተክል» ይለዋል። እንጉዳይ ግን ተክል አይደለም። ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያዘጋጅበት አረንጓዴ ቅጠል የለውም፤ የሕዋሱ ግድግዳ የተሠራው የነፍሳትን ቅርፊት ከሚያጠነክረው ካይቲን ነው፤ በዘር ሐረግ ሲቆጠርም የማር እንጉዳይ ከተጠጋበት ዛፍ ይልቅ በዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ለምትቀመጠው ወፍ ይቀርባል። እርማቱ የቃል ብቻ አይደለም። ጸሐፊው እንጉዳዩን ያደነቁት «ማንንም የማይለምን፣ ራሱን የቻለ» ነው በሚል ሲሆን፣ እውነቱ ግን እንጉዳይ እንደማንኛውም እንስሳ ሌላ ሕይወት ካዘጋጀው ምግብ የሚበላ መሆኑ ነው። የማር እንጉዳይ ደግሞ ከእንጉዳዮች መካከል እንኳ የባሰ ባለዕዳ ነው፤ ብዙዎቹ ዝርያዎቹ በሕይወት ያለውን ዛፍ በሥሩ በኩል ወግተው ይገባሉ፣ ቀስ በቀስ ይገድሉታል፣ ከገደሉትም በኋላ እንጨቱን ለዓመታት እየተመገቡ ይቆያሉ።

ጽሑፉ ከሁሉ ይልቅ የተመካበት ንጽጽር የዕድሜ ነው። «የኦሪገኑ እንጉዳይ ከስምንት ሺህ ዓመት በላይ ኖሮ ዛሬም አለ፤ ወፏ ግን ጥቂት ዘምራ ዝም አለች» ይላል። የኦሪገኑ ነገር በራሱ አስገራሚ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በአሜሪካ ኦሪገን ክፍለ ግዛት፣ ማሉር በተባለው ብሔራዊ ደን ውስጥ፣ ዛፎች በየቦታው በቡድን እየደረቁ ሲሞቱ ያዩ የደን ባለሙያዎች ከየሥፍራው የፈንገሱን ናሙና ሰበሰቡ። ከሁለት ቦታ የመጣ ናሙና በአንድ ሳህን ላይ አብሮ ሲበቅል፣ ከአንድ አካል የተወሰደ ከሆነ ያለ ድንበር ይዋሐዳል፤ ከተለያየ አካል ከሆነ ግን በመካከሉ ግልጽ መስመር ይሠራል። በዚህ ዘዴና በዘረመል ምርመራ ሲጣራ፣ ወደ 965 ሄክታር ከሚጠጋ መሬት የተሰበሰበው ናሙና የአንድ አካል ሆኖ ተገኘ። በእኛ የድሮ ልኬት 24 ጋሻ መሬት መሆኑ ነው። በየዓመቱ ከቅዝቃዜው ወራት በፊት ከዛፍ ሥር ብቅ የሚለው፣ በአገራችን የጅብ ጥላ የምንለውን የሚመስለው ክፍል፣ የዚህ አካል የመራቢያ ፍሬ ብቻ ነው። ዋናው አካል በአፈር ውስጥና ከዛፍ ልጥ በታች የሚሄደው ነጭ የክር መረብና የጫማ ማሰሪያ የሚመስለው ጥቁር ገመድ ነው።

ዕድሜውን በሚመለከት ግን ባለሙያዎቹ የሰጡት ከ1,900 እስከ 8,650 ዓመት የሚደርስ ሰፊ ግምት ነው፤ ግምቱም የተሰላው ፈንገሱ በአፈር ውስጥ በዓመት ምን ያህል ይስፋፋል ከሚለው ተነሥቶ ነው። ጸሐፊው ከዚህ ውስጥ የላይኛውን ጫፍ ብቻ መዝዘው እንደ ክርስትና ምስክር ወረቀት አቀረቡት። በሚሺጋን ክፍለ ግዛት ተገኝቶ በ1992 ይፋ የሆነው ሌላው ግዙፍ የማር እንጉዳይ መጀመሪያ ቢያንስ 1,500 ዓመት ተብሎ ሲገመት፣ በ2018 የወጣው አዲስ ጥናት 2,500 ዓመት አድርጎታል፤ ክብደቱንም ከ100 ቶን ወደ 400 ቶን ከፍ አድርጎታል። እንጉዳዩ በ26 ዓመት ውስጥ አንድ ሺህ ዓመት አላረጀም፤ የተለወጠው መለኪያው ነው።

ይሁን፣ ከፍተኛውን ቁጥር እንቀበል። እንዲያም ሆኖ ይህ የአንድ ግለ አካል ዕድሜ ነው፤ ጸሐፊው በሌላው የሚዛኑ ክንድ ላይ ያስቀመጡት ግን የአንድን ዝርያ ፍጻሜ ነው። ይህ የአንዲትን ባልቴት ዕድሜ ከአንድ ነገድ የትውልድ ቆጠራ ጋር አወዳድሮ፣ ባልቴቷ ገና በሕይወት ስላሉ ነገዱ ዕድሜ አጭር ነበረ እንደ ማለት ነው። ዝርያ ከዝርያ፣ የዘር ሐረግ ከዘር ሐረግ ጋር ከተነጻጸረ የወፏ ታሪክ አጭር አይሆንም። በየሀዋይ ደሴቱ የነበሩት የኦኦ ዝርያዎችና ኪዮያ የምትባለው ዘመዳቸው ለረጅም ጊዜ ከአውስትራሊያና ከአካባቢው ደሴቶች የመጡ የአበባ ማር ቀሳሚ ወፎች ወገን ናቸው ተብለው ይታሰቡ ነበር፤ ምንቃራቸው፣ ምላሳቸውና አመጋገባቸው ቁርጥ እነዚያን ነበርና። በ2008 በሙዚየም ከተቀመጡ ቆዳዎች የተወሰደ ዲ ኤን ኤ ሲመረመር ግን ዝምድናቸው ከነዚያ ጋር ጨርሶ እንዳልሆነና ከ14 እስከ 17 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከሌላ የዘማሪ ወፎች ሐረግ ተለይተው ለብቻቸው የተጓዙ መሆናቸው ታወቀ። መመሳሰሉ አንድ ዓይነት ኑሮ የፈጠረው ነበር። በዚህም ምክንያት ሞሆይዴ የሚል የራሳቸው ቤተሰብ ተሰየመላቸው። ቤተሰቡ ስም ያገኘው የመጨረሻው አባሉ ድምፁ ከተሰማ ከ21 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አምስቱም ዝርያዎች ጠፍተዋል፤ በቅርብ ዘመናት ውስጥ ከነሙሉ ቤተሰቡ የጠፋ የወፍ ወገን ይህ ብቻ ነው። ስለዚህ በካዋኢ የጠፋው አንድ ወፍ ወይም አንድ ዝርያ ብቻ ሳይሆን ከአሥራ አራት ሚሊዮን ዓመት በላይ የተንዘረጋ ሐረግ ጫፍ ነው፤ ከዚህ አጠገብ ሲቀመጥ ስምንቱ ሺህ ዓመት የትናንት ነገር ይሆናል።

ንጽጽሩ በትክክል ቢሠራ ኖሮ እጅግ የሚማርክ ጥያቄ ያወጣ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ጸሐፊው አጠገቡ ደርሰው ሳያነሡት ማለፋቸው ይቆጨኛል። ጥያቄው «አንድ» ማለት ምን ማለት ነው የሚል ነው። ኦኦ ከ20 ሴንቲ ሜትር የማትበልጥ፣ ልትቆጠር የምትችል አካል ነበረች፤ የመጨረሻው ወንድ ሲሞት የሞተበት ቀንና ሰዓት ነበረው። የማር እንጉዳይ አካል ግን ከመካከሉ ቢቆረጥ ሁለቱም ወገን ይኖራል፤ ከጥግ ቢቃጠል በሌላው ጥግ ይቀጥላል፤ አንዱ እዚያ ማዶ ያለው ዛፍ ሥር፣ ሌላው እዚህ ጉቶ ውስጥ ሆነው ዳግም ሊገናኙም ይችላሉ። ለእንዲህ ያለ ፍጡር «የመጨረሻው» የሚለው ቃል ራሱ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ይህ የብርታትና የድካም ልዩነት አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ የአኗኗር ሥርዓቶች ናቸው፤ በአንዱ መመዘኛ ሌላውን መመዘን ደግሞ ዳኝነቱን አስቀድሞ መወሰን ነው።

አሁን ወደ ድካም ነገር እንምጣ። ጸሐፊው «ተፈጥሮ ደካማዋን ወፍ አጣራቻት» ብለዋል። ሀዋይ በሰው ከመረገጧ በፊት ቢንቢ የሚባል ነገር አልነበራትም። የሌሊቷ ቢንቢ ወደዚያ የገባችው በ1826 ነው፤ ዌሊንግተን የተባለች መርከብ በማዊ ደሴት ላሃይና ወደብ ላይ የውኃ በርሜሎቿን ስታጥብ ከነእጯ አራገፈቻት ተብሎ ይነገራል። ቢንቢዋን ተከትሎም የወፎች ወባና የወፎች ፈንጣጣ በደሴቶቹ ተሠራጨ። የወፎች ወባ ሰውን ከሚይዘው የተለየ ተውሳክ የሚያመጣው በሽታ ነው፤ የመተላለፊያው መንገድ ግን ያው ነው። ለሚሊዮኖች ዓመታት ቢንቢ አይተው የማያውቁ ወፎች ለዚህ በሽታ ምንም የተዘጋጀ መከላከያ አልነበራቸውም፤ ሊኖራቸውም አይችልም ነበር።

የአማርኛ አንባቢ ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ወባን ሸሽቶ ደጋ መስፈርን ከአያት ከቅድመ አያት ሲሰማ ያደገ ነውና። የሀዋይ ወፎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ቆላው ባዶ ሆነ፤ የተረፉት ሁሉ ቅዝቃዜው ቢንቢዋንም ተውሳኩንም ወደሚያዳክምበት ከፍታ አፈገፈጉ። ችግሩ የካዋኢ ከፍታ ትንሽ መሆኑ ነው። የደሴቷ ከፍተኛ ጫፍ 1,600 ሜትር አይሞላም፤ በእኛ አገር ሚዛን ወይና ደጋ ቢባል ነው። ኦኦዎቹ የተጠጉበት አላካኢ የተባለው ረግረጋማ የደጋ ደን ከዚህም ዝቅ ያለ ሲሆን፣ አየሩ እየሞቀ በሄደ ቁጥር ቢንቢዋ እግር በእግር ተከተለቻቸው። ዱር የገቡ አሳማዎችም የዛፍ ፈርን ግንዶችን እየቦረቦሩ ውኃ የሚያቁር ጉድጓድ ስለሚሠሩ የመራቢያ ቦታ አዘጋጁላት። አይጦች ደግሞ በየጎጆው ይገቡ ነበር። ሁኔታው ይህን ሲመስል የወፏን መሞት በድካም ማስረዳት ቤቱ ከአራት በኩል የተቃጠለበትን ሰው እሳት መቋቋም ስላልቻለ መውቀስ ነው።

ጸሐፊው ምናልባት አማኪሂ የተባለችውን ሌላ የሀዋይ ወፍ ጠቅሰው ሊከራከሩኝ ይችላሉ፤ ከወባ ጋር ተላምዳ በቆላ የምትኖር የአማኪሂ ወገን በትልቋ የሀዋይ ደሴት አለችና። ክርክሩ ሊነሣ የሚገባው ነው። ነገር ግን መላመድ የሚመጣው ከብዙ ሟቾች መካከል ጥቂቶች ተርፈው ሲዋለዱ ነው፤ ለዚያም መነሻው ብዙ መሆን አለበት። በ1968 እና በ1973 መካከል በአላካኢ የተደረገው ቆጠራ ሲጠናቀቅ የኦኦዎቹ ግምት 36 ገደማ ነበር። በዚህ ቁጥር ላይ ሆኖ የተፈጥሮ ምርጫ የሚመርጠው ነገር አያገኝም።

ስለ ማዕበሉ የተጻፈውም መታረም አለበት፤ ይህኛው የአመለካከት ልዩነት ሳይሆን የቀን ስሕተት ነው። ጽሑፉ «በ1992 የመጣው ኢኒኪ የተባለው ማዕበል የመጨረሻዎቹን ጥንዶች ወሰደ» ይላል። የመጨረሻዎቹ ጥንዶች የታዩት በ1981 ነው። በኅዳር 1982 ኢዋ የተባለው ማዕበል ደሴቷን መታ፤ ከዚያ በኋላ ሴቷ አልታየችም። ወንዱ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1985፣ ድምፁ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው በ1987 ነው። ኢኒኪ በመስከረም 1992 ሲመጣ ጫካው ውስጥ የሚወሰድ ኦኦ እንደነበረ የሚያሳይ አንድም ማስረጃ የለም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርያዋን በ2000 ጠፍታለች ሲል መዘገባት፤ የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ደግሞ በጥቅምት 2023 ሃያ አንድ ዝርያዎችን በመጥፋታቸው ምክንያት ከጥበቃ ዝርዝር ሲያወጣ እሷም አብራ ወጣች።

ማዕበሉን በተመለከተ ከቀኑ በላይ የሚያሳስበኝ ግን አስተሳሰቡ ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ማዕበል አዲስ ነገር አይደለም፤ የኦኦ ቅድመ አያቶች በነዚያ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ስንቱን እንዳለፉ መቁጠር አይቻልም። ቀድሞ ማዕበል የደጋውን ደን ሲገነድስ ወፎቹ ወደ ቆላ ወርደው ይጠለሉ፣ ደኑ ሲያገግምም ይመለሱ ነበር። በ1982 ግን ቆላው በቢንቢ ተይዟል። ወደ ታች የወረደ ይታመማል፣ እላይ የቀረ ዛፍ ይወድቅበታል። ስለዚህ ማዕበሉን ገዳይ ያደረገው አስቀድሞ በ1826 የተከፈተው በር ነው ማለት ይቀላል።

ወፏን ያጠፋት የአገሬው ሰው የላባ አደን ነው የሚለው የጸሐፊው አቀራረብ ግማሽ እውነት ስላለው ሚዛኑን ጠብቄ ልናገር። የሀዋይ ነገሥታት ካባና የራስ ቁር በወፍ ላባ ይሸፈን እንደነበረ እውነት ነው፤ ብዛቱም ቀላል አልነበረም። ቀዳማዊ ካሜሃሜሃ የለበሰውና ዛሬ በሆኖሉሉ ቢሾፕ ሙዚየም የሚገኘው ካባ ወደ 450,000 የሚጠጋ ላባ እንዳለበትና ለዚህም ወደ 80,000 ወፎች እንደተያዙ ይገመታል። ነገር ግን ያ ላባ በአብዛኛው የተወሰደው ማሞ ከምትባል ሌላ ወፍ ሲሆን፣ ከኦኦ ወገንም የሚፈለገው በክንፉ ሥር ለምለም ቢጫ ላባ የነበረው የትልቋ ደሴት ኦኦ ነው። የካዋኢዋ ኦኦ ቢጫዋ ጭኗ ላይ ብቻ ነበር፤ ለካባ የምታዋጣው ትንሽ ነው። ከዚህም በላይ የላባ ሥራው ለብዙ ትውልድ ሲካሄድ የካዋኢ ኦኦ አልጠፋችም፤ የጠፋችው ነገሥታቱም ካባ ሠሪዎቹም ካለፉ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ጽሑፉ ጥፋቱን በአገሬው ሰው ላይ ማሳረፉ፣ መርከቧን ደግሞ ጭራሽ አለማንሣቱ አልተዋጠልኝም።

የእንጉዳዩን ብዛት በተመለከተ ደግሞ ጸሐፊው «አንድ ዝርያ ሆኖ ከአሜሪካ እስከ አፍሪካ የተዘረጋ» ይሉታል። እንደዚህ ማሰብ እስከ 1970ዎቹ ድረስ የባለሙያዎቹም ልማድ ነበረ፤ ፍሬው የማር ቀለም ያለው፣ ከዛፍ ሥር በዘለላ የሚበቅል አርሚላሪያ (የማር እንጉዳይ ወገን የሳይንስ መጠሪያ ነው) ሁሉ በአንድ ስም ይጠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ከተለያየ ቦታ የመጡ ናሙናዎች እርስ በርስ ይዋለዱ እንደሆነ በቤተ ሙከራ ሲፈተሽ ብዙዎቹ የማይዋለዱ ሆነው ተገኙ። በ1978 አንድ የፊንላንድ ተመራማሪ በአውሮፓ ብቻ አምስት የተለያዩ ዝርያዎች መኖራቸውን አሳየ፤ በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ወደ አሥር የሚጠጉ ተለዩ። ጠባያቸውም የተለያየ ነው፤ አንዱ ጤነኛ ጥድ ይገድላል፣ ሌላው የደከመ ወይም የሞተ ዛፍ ይጠብቃል። ጽሑፉ በአንድ ትንፋሽ የጠቀሳቸው የኦሪገኑና የሚሺጋኑ ግዙፍ እንጉዳዮች እንኳ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው አርሚላሪያ ኦስቶዬ፣ ሁለተኛው አርሚላሪያ ጋሊካ ይባላል። በኢትዮጵያ በተተከሉ ደኖች ውስጥ ሥር ሲያበሰብስ ተገኝቶ የተመዘገበውም አርሚላሪያ ፈስኪፐስ የተባለ ሦስተኛ ዝርያ ነው። እንግዲህ የወፏ ተወዳዳሪ ሆኖ የቀረበው «አንድ ብርቱ እንጉዳይ» በቅርብ ሲታይ ብዙ ዘመዳሞች ሆኖ ይበተናል። ኦኦዎቹን በየደሴቱ ለያይቶ ቆጥሮ፣ እንጉዳዮቹን ግን በአንድ ስም ሰብስቦ ማወዳደር ሚዛኑን በአንድ እጅ መጫን ይሆናል።

ብርታት የተባለውም ክፍል በከፊል የእኛ የእጅ ሥራ ነው። ሰው ደን ሲቆርጥ ጉቶ ትቶ ይሄዳል፤ ጉቶ ለማር እንጉዳይ ጎተራ ነው። ከዚያ ተነሥቶ አጠገቡ ወደ ተተከለው ችግኝ ይሻገራል፤ ተክሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሥራው ይቀልለታል። የሰው ልጅ መርከብ ለወፏ ጠላት አመጣ፣ የሰው ልጅ መጋዝ ለእንጉዳዩ ማዕድ አቀረበ። በአንዱ ውድቀትና በሌላው መስፋፋት የሰውን እጅ ትቶ የቀረውን «የተፈጥሮ ፍርድ» ማለት እንዴት እንደሚቻል አልገባኝም።

«እስከ ዛሬ አንድም እንጉዳይ ሲጠፋ አልተሰማም» የሚለው ዓረፍተ ነገርም ብዙ የሚመስክር መስሎ የሚታይ ነው። በዓለም ያሉት ወፎች ወደ 11,000 ዝርያዎች ሲሆኑ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ስንት ቀሩ፣ የት አሉ ተብሎ ተገምግሟል። ስም ያገኙት ፈንገሶች ግን 150,000 ገደማ ናቸው፤ ገና ስም ያላገኙት በሚሊዮን እንደሚቆጠሩ ይገመታል፤ በቀይ መዝገብ ላይ የመጥፋት ሥጋታቸው የተገመገመው ደግሞ ከስም ካላቸው ውስጥ እንኳ አንድ በመቶ አይሞላም። አብዛኛውን ዕድሜውን ከመሬት በታች በክር መልክ የሚያሳልፍ ፍጡር ቢጠፋ ማን አየው? አለመሰማቱ የሚነግረን የአድማጩን ጉድለት ነው።

ጸሐፊው ወፏና እንጉዳዩ «በሕይወት ዘመናቸው ተገናኝተው የማያውቁ» ናቸው ማለታቸው በእርግጥ በማር እንጉዳይና በኦኦ መካከል ትክክል ሊሆን ይችላል። ወገኑን በጠቅላላው ከወሰድን ግን ወፏ ያለ ፈንገስ ቤት አልነበራትም። ጆን ሲንኮክ የተባለው የዱር እንስሳት ባለሙያ በ1971 ያገኘው የኦኦ ጎጆ ኦሂያ በተባለው የአገሬው ዛፍ ፍልፍል ውስጥ ነበር። በያረጀ ዛፍ ግንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍልፍል የሚፈጠረው ብዙውን ጊዜ ፈንገስ እንጨቱን ከውስጥ አበስብሶ ሲያላላው ነው። ያው ኦሂያ ዛሬ ደግሞ ሴራቶሲስቲስ በተባሉ ሁለት አዳዲስ ፈንገሶች እየተጠቃ ነው፤ በሽታው በ2014 በትልቋ ደሴት ተለየ፣ በ2018 ካዋኢ ደረሰ፤ የተያዘ ዛፍ ቅጠሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጠውልጎ ይደርቃል። በወፍና በፈንገስ መካከል ያለውን እውነተኛ ታሪክ የሚፈልግ ሰው ከኦሪገን ይልቅ እዚያው አላካኢ ቢጀምር ብዙ ያገኛል።

የድምፁን ቅጂ በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። «መዝሙሯ ተቀድቶ ስላለ ሙሉ በሙሉ ጠፍታለች አይባልም» የሚለው ማጽናኛ ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን ዘማሪ ወፎች መዝሙራቸውን በአመዛኙ ከአሳዳጊዎቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው የሚማሩት ነው፤ ቅጂው የያዘው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከተረፉት ጥቂት ወፎች የተሰማውን ያህል ብቻ ነው። እንጉዳይ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ በሕይወት ይቀመጣል፣ ከዓመታት በኋላም ዳግም ይበቅላል፤ የወፏ ቅጂ ግን አይፈለፈልም። በነገራችን ላይ ብዙዎች ወንዱ «የመጨረሻ መሆኑን አውቆ ያለቅስ ነበር» እያሉ ይጽፋሉ፤ ጸሐፊውም ይህንኑ ደግመዋል። በቅጂው ላይ ያለው አንድ ወፍ ሲዘምር፣ መልስ ሲያጣና እንደገና ሲዘምር ነው። ከዚህ አልፎ በልቡ ያለውን መተርጎም ሳያስፈልግ ያ ራሱ በቂ ይመስለኛል።

«ይህ የደሴት ጣጣ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ለሚለው ደግሞ የሊበንን ሜዳ መጥቀስ ይበቃል። በደቡብ ኢትዮጵያ በነገሌ አቅራቢያ በሚገኘው በዚያ ሜዳ የምትኖረው የሊበን ላርክ፣ ከሣር መካከል ተነሥታ እየዘመረች የምትበር ትንሽ ወፍ፣ በእርሻ፣ በልቅ ግጦሽና በቁጥቋጦ መስፋፋት ሣሯ እየጠበበ መኖሪያዋ ደሴት እየሆነባት ነው። ደሴት ለመሆን የግድ ባሕር አያስፈልግም።

የቀረው የጽሑፉ የመጨረሻ ቃል ነው፦ «ያለቀ ነገር ነውና ወደ ሥራችን እንመለስ» ይላል። በካዋኢ ነገሩ አላለቀም። ኦኦዎቹን የጨረሰው ያው ወባ አሁን አኪኪኪ የተባለችውን ሌላ ትንሽ ወፍ በዱር በጣት ወደሚቆጠር ቁጥር አውርዷታል፤ የተረፉት እንቁላላቸው ከጫካ ተወስዶ በማራቢያ ጣቢያ እንዲያድጉ ተደርጓል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በማዊ፣ ቀጥሎም በካዋኢ ደኖች፣ ዎልባኪያ የተባለ የተለየ ባክቴሪያ የያዙ ወንድ ቢንቢዎች ከአየር እየተለቀቁ ነው። ወንድ ቢንቢ ደም አይመጥም፤ እነዚህ ደግሞ ከጫካዋ ሴት ጋር ሲገናኙ እንቁላሏ አይፈለፈልም። ሥራው በየሳምንቱ መደገም አለበት፤ ከተቋረጠ ቢንቢዋ ተመልሳ ትሞላለችና።